የቮልሴን የዳሽቦርድ ዛር ያስለቀቀው ኤሌክትሪሻን

ቮልስ ያላችሁ ትረዱኛላችሁ። የአባቴ መኪና ነች፣ 1300፣ እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል። ሞተሯ ዛሬም ቁልፍ ስታዞሩላት ወዲያው ትነሳለች። የዳሽቦርድ መብራቷ ላይ ግን ዛር ሰፍሮ ነበር፤ ሌላ ስም ላገኝለት አልቻልኩም።

ማታ አጭር መብራት ሳበራ የፍጥነት መለኪያው መብራት አለ ለማለት ያህል ብቻ ይታያል። ረጅም መብራት መብራቱን የምትናገረው ሰማያዊዋ አምፖል ደግሞ፣ ረጅም ሳላበራ ራሷ ትበራለች። ረጅሙን ሳበራ ሁሉም ድርግም! ሰማያዊዋም የለች፣ መለኪያውም የለም። ቀይዋ የዲናሞ መብራት በበኩሏ ሞተሩ እየሠራ ጨለማ ውስጥ እንደ ሲጋራ ጫፍ ጭል ጭል ትላለች።

ከዚህ በፊት ሦስት ቦታ ወስጃታለሁ፣ ስማቸውን አልጠራም። የመጀመሪያው አምፖሎቹን ቀየረ። ሁለተኛው ማብሪያ ማጥፊያውን ቀየረ። ሦስተኛው ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳያይ «ሙሉ ሽቦዋ መቀየር አለበት» ብሎ የጠራልኝን ዋጋ ብነግራችሁ ቮልሷን ሸጬ ለሽቦዋ ልከፍል ነው ወይ ትላላችሁ።

በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ ሄጄ አንድ መለዋወጫ የሚሸጥ ልጅ ነው ወደዚህኛው የላከኝ። ሁለት መኪና በግድ የሚያስገባ የቆርቆሮ ቤት ነው። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ነግረውኛል፤ አሁን ያለው ሥራ ይበቃኛል ባይ ናቸው።

«ጋሼ፣ አምፖሉም አዲስ ነው፣ ማብሪያውም አዲስ ነው» አልኳቸው።

«አዲስ ዕቃ ገዛህ፣ በሽታውን ግን ይዘኸው መጣህ» አሉኝ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ዳሽቦርዱ አልነበረም። የኋላ ወንበሩን አነሱ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው። «ክዳኑ የታለ?» አሉ በቁጣ። የወንበሩ የብረት ሞላ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እኮ መኪናዋ ከነሰዉ ልትቃጠል ትችላለች፤ የቮልስ የቆየ ችግር ነው። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጠው ባትሪውን አለበሱልኝ። ሳልጠይቃቸው ነው፣ አላስከፈሉኝምም።

ከዚያ የፊት ኮፈኑን ከፍተው የዳሽቦርዱን ጀርባ የሚሸፍነውን ካርቶን አነሱና የመለኪያው ጀርባ ወጣ። ረጅም መብራት አብራ አሉኝ፣ እንደ ልማዱ ሁሉም ጠፋ። አንድ ቁራጭ ሽቦ አነሱ፣ አንዱን ጫፍ የመለኪያው ብረት ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ ብሎን ላይ ነኩ። ዳሽቦርዱ ቦግ አለ! ሽቦውን ሲያነሱት ጠፋ፣ ሲመልሱት በራ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ፣ እንደ ሕፃን ሳቅኩ።

ነገሩ የማሳ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ። ቡናማው ሽቦ የመለኪያውን ብረት ከመኪናዋ ገላ ጋር ያገናኛል፤ በጀርመን መኪና ቡናማ ማሳ ነው፣ ያዙት። አባቴ ከዓመታት በፊት ቀለም አስቀብቷት ነበር፤ ቀቢው የማሳዋን ብሎን ቀለሙ ላይ አስሮት ኖሯል፣ ዝገቱ ደግሞ ቀሪውን ጨረሰው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሰማያዊዋ አምፖል አድርጎ በረጅሙ መብራት በኩል ይወጣል። ሰማያዊዋ ያለ ቦታዋ የምትበራው፣ ሌሎቹም የሚፈዙት ለዚህ ነው። ረጅሙ ሲበራ ግን በዚያም በኩል ኤሌክትሪክ ይመጣል፣ መውጫ አይኖርም፣ ሁሉም ይጠፋል። ቀለሙን በካቻቪቴ ፋቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ አሰሩት። አለቀ።

ቀይዋ ሌላ ጣጣ ነበረች። እሷ አንድ ጫፏ ከቁልፉ፣ ሌላው ከዲናሞው ነው የሚመጣው፤ የሁለቱ ቮልት እኩል ሲሆን ትጠፋለች። በቴስተር ሲለኩት በቁልፉ በኩል ወደ ሁለት ቮልት ገደማ ጎድሏል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጡ፣ ጫፋቸው አረንጓዴ ሆኗል፣ አንዱ ላይማ የሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልሎበታል። የማን ሥራ እንደሆነ አባቴን አልጠየቅኩም። እሱ ተቀየረ፣ ሌላው ተጠረገ፣ ቀይዋም ዓይኗን ጨፈነች።

የከፈልኩት 1,500 ብር ነው። ከአንዲት ፊውዝ በስተቀር ምንም ዕቃ አልተገዛም።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ። ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቁም። ሦስት ሰዓት ላይ ደርሼ የተነካችው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ መሀል ላይም ቡና ብለው ወጥተው አንድ ሰዓት ጠፉ። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም። ካርቶኑንም እንደነገሩ ጣል አድርገውት ቤት ገብቼ ራሴ ነው ያሰርኩት። አዲስ ኮምፒውተር ያለው መኪና ካላችሁ አትሂዱ፣ እሳቸውም «እሱን አልችለውም» ብለው ይመልሷችኋል። ለአሮጌ መኪና ግን ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ለቡናው ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ «የቮልስ ኤሌክትሪክ» ብላችሁ ዕቃ ሻጮቹን ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል። በጠዋት ሂዱ፣ ቁርሳችሁንም በልታችሁ። እኔም በሚቀጥለው ወር እመለሳለሁ፣ የነዳጅ መለኪያዋ አሁንም ትዋሸኛለች።