ባለ ስምንት ክፍሉ የአንጎል ሞዴል፦ ስትሮክ ለምን አንደበት እንደሚይዝና ፊት እንደሚያጣምም ለማስረዳት ያዋጣል?

በጥቁር አንበሳና በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉ የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ገብቶ የአንጎል ሞዴል ለሚጠይቅ ሰው የሚቀርብለት በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ገርጣ ያለ፣ ወጥ ቀለም ያለውና ስምንት ቦታ የሚፈታ ሲሆን ሌላው እያንዳንዱ ክፍል በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ የተቀባ ነው። ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፤ መጠናቸውም ከእውነተኛው አንጎል ጋር ይቀራረባል። እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ «እማማ ሁሉን ይሰማሉ፤ ታዲያ ለምን አይመልሱም?» ወይም «አፉ ጠሞ ሳለ ግንባሩ እንዴት ደኅና ሆነ?» ብሎ ለሚጠይቅ ቤተሰብ ለማስረዳት። ለዚህ ሥራ ወጥ ቀለሙን ግዙ፤ ባለ ቀለሙን ተዉት። ወጥ ቀለሙም ቢሆን በእጃችሁ ጥቂት ምልክት ካላከላችሁበት ዋናውን ነገር ይደብቃል።

ስምንቱ ክፍል ማለት በየወገኑ አራት አራት ነው፦ ፍሮንታልና ፓሪየታል ሎብ (የአንጎል የፊትና የላይ ክፍል) ባንድ ቁራጭ፣ ቴምፖራልና ኦክሲፒታል ሎብ (የጎንና የኋላ ክፍል) ባንድ ቁራጭ፣ የአንጎል ግንድ ግማሽ፣ የሴሬብለም (ከኋላ በታች ያለው ትንሹ አንጎል) ግማሽ። የላይኛውና የታችኛው ቁራጭ የሚጋጠሙት በጎን በኩል ባለው ትልቁ ስንጥቅ፣ ሲልቪያን በሚባለው፣ አካባቢ ነው። የሞዴሉ ትልቁ ጥቅምም እዚሁ ላይ ነው። ለንግግር ዋና የሆኑት ሁለት ቦታዎች ከዚህ ስንጥቅ ወዲህና ወዲያ ስለሆኑ ጣትን በመጋጠሚያው ላይ እየጎተቱ ማሳየት ይቻላል።

የግራውን ወገን ያዙ። ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 95 በመቶ ያህሉ፣ ከግራኞችም ወደ 70 በመቶው፣ ቋንቋቸው በግራ ወገን ነው። ከስንጥቁ በላይ ወደ ፊት፣ በፍሮንታል ሎብ የታችኛው እጥፋት የኋላ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ተለጣፊ አኑሩ። ይህ የብሮካ ቦታ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከማለት በቀር ንግግር ያልነበረውን ታካሚ አንጎል መርምሮ ያመለከተው እሱን ነው። እዚህ የተመታ ሰው የሚነገረውን በአብዛኛው ይረዳል፤ ሊል የፈለገውንም ያውቃል። ቃሉ ግን በስንት ትግል፣ አንድ አንድ እያለ ነው የሚወጣው፦ «ውሃ... ስጪ...»። ሲያቅተው ይናደዳል፣ ያለቅሳል። ቤተሰቡም ጠባዩ ተለወጠ ብሎ ያዝናል።

ሁለተኛው ተለጣፊ ከስንጥቁ በታች ወደ ኋላ፣ የቴምፖራል ሎብ የላይኛው እጥፋት መጨረሻ ላይ ይሁን። ጀርመናዊው ካርል ቨርኒኬ እ.ኤ.አ. በ1874 የገለጸው የንግግር ችግር ከዚህ የሚመነጨው ነው። እዚህ የተመታ ሰው ንግግሩ ይፈስሳል፤ ዜማው የአማርኛ ነው፤ ቃሉ ግን አይያያዝም፣ ያልነበረ ቃልም ይፈጥራል። የሚነገረውን አይረዳም፤ አለመረዳቱንም ብዙ ጊዜ አያውቅም። እጅና እግሩ ደኅና ሊሆን ስለሚችል «አእምሮው ተነካ» ተብሎ በቀጥታ ወደ ጠበል የሚወሰድ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ድንገት የተዘበራረቀ ንግግር ራሱን የቻለ የስትሮክ ምልክት መሆኑን ለማስረዳት ከዚህች ተለጣፊ የተሻለ መሣሪያ አላየንም። ሁለቱን ተለጣፊዎች በቀጭን ማርከር ብታገናኙ ደግሞ ሦስተኛው ዓይነት ይገባል፦ መስመሩ ሲጎዳ ሰውየው ይረዳል፣ ይናገራል፣ «ከእኔ በኋላ በል» ሲባል ግን መድገም ያቅተዋል።

የደም ሥር የተሳለበት ወይም የተገጠመበት ሞዴል ካገኛችሁ ልዩነቱን ከፍሎ መግዛት ያዋጣል። የመካከለኛው የአንጎል ደም ሥር ላይኛ ቅርንጫፍ የብሮካን ቦታ፣ የፊትንና የእጅን ማዘዣ ባንድ ላይ ይመግባል። የግራው ሲዘጋ አንደበት ተይዞ የቀኝ አፍና የቀኝ እጅ አብረው የሚደክሙት ለዚህ ነው። ታችኛው ቅርንጫፍ ወደ ቨርኒኬ ቦታ፣ ወደ ሁለተኛው ተለጣፊ፣ ስለሚሄድ እሱ ሲዘጋ እጅ ሊተርፍ ይችላል።

ከማዕከላዊው ስንጥቅ ፊት ለፊት ያለችው እጥፋት እንቅስቃሴን የምታዝ ናት። የሰው አካል በእሷ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ፊትና ምላስ ከታች ወደ ሲልቪያን ስንጥቅ፣ እጅ ከመሃል፣ እግር ከላይ፣ ወደ ውስጠኛው ገጽ ታጥፎ። ርካሽ ሞዴሎች የሚወድቁት እዚህ ነው። እጥፋቶቹ የዘፈቀደ ሆነው ማዕከላዊው ስንጥቅ ከሌሎቹ አይለይም። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ከላይ ጀምሮ ሳይቋረጥ ወደ ጎን የሚወርደውን ስንጥቅ ፈልጉ፤ ካላገኛችሁት መልሱት።

የግንባሩ ጥያቄ ራሱን የቻለ ምልክት ይፈልጋል፤ ሞዴሉ ለብቻው አይመልሰውም። የግንባር ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሁለቱም የአንጎል ወገን ነው። የአፍ ዙሪያ ግን በዋናነት ከተቃራኒው ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ የግራ አንጎል ሲመታ የቀኝ ከንፈር ይወርዳል፤ «ቅንድብህን ወደ ላይ አንሣ» ሲባል ግን ግንባሩ በሁለቱም በኩል ይሸበሸባል። አንድ ነገር ቤተሰብን ሁልጊዜ ያስገርማል፤ «ፈገግ በል» ሲሉት በአንድ ወገን ብቻ የሚንቀሳቀስ አፍ፣ የልጅ ልጁን ሲያይ በሁለቱም ሊስቅ ይችላል። ከልብ የሚመጣ ሳቅ በሌላ መንገድ ስለሚወርድ እንጂ ሰውየው አስመስሎ አይደለም።

አሁን የአንጎል ግንዱን አውጡ። መሃል ላይ ጎርበጥ ያለው ፖንስ ነው። ሦስተኛውን ተለጣፊ ፖንስ ከሥሩ ካለው ሜዱላ ጋር በሚገናኝበት ጎን ላይ አድርጉ፤ ሰባተኛው የፊት ነርቭ የሚወጣው ከዚያ ነው። የነርቩ መነሻ እዚያ ውስጥ ሲመታ የሚያዘው ሙሉው የፊት ግማሽ ነው፦ ግንባር አይሸበሸብም፣ ዓይን አይከደንም፣ አፍ ይጣመማል። ፊት የሚያዘው በተመታው ወገን ሲሆን እጅና እግር ግን በተቃራኒው ወገን ሊደክሙ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከስትሮክ ውጭ የሆነው የፊት ነርቭ መያዝም፣ ቤልስ ፖልሲ የሚባለው፣ ግንባርን ጨምሮ ሙሉውን ግማሽ ፊት ይይዛል። በእኛ አገር ሁለቱም «ምች ነው» ተብለው ዳማከሴ ይታሽላቸዋል። ግንባር መያዙ ብቻውን ስትሮክ አይደለም ለማለት አይበቃም። ነገሩ ሁለት ሆኖ መታየት፣ ማዞር፣ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ የንግግር መንተባተብ አብሮ ካለ ፖንስን መጠርጠር ግድ ነው። ሲጠረጠር ደግሞ ሞዴሉን አስቀምጡና ለአምቡላንስ 907 ደውሉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ፣ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሰውየው ደኅና ሆኖ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። ውሃም ቢሆን በአፉ አትስጡ፤ በተለይ ሜዱላ ሲመታ መዋጥ ያቅታል፣ ድምፅም ይሻክራል፣ የተሰጠውም ወደ ሳንባ ይገባል።

ፖንስን ስታሳዩ አንድ ነገር ሳትናገሩ አትለፉ። የፖንስ የፊተኛው ክፍል በሁለቱም ወገን ሲመታ ሰው መናገርም፣ ፊቱን ማንቀሳቀስም፣ እጅ እግሩን ማዘዝም አይችልም፤ ግን ይሰማል፣ ያስባል። የሚቀረው ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስና መጨፈን ነው። አልጋው ሥር ስለ ቀብር የሚማከር ዘመድ ይህን ማወቅ አለበት።

የሞዴሉ ትልቁ ጉድለት ጥልቁን ክፍል አለማሳየቱ ነው። መሃል ለመሃል ስለሚከፈል ውስጡ የሚታየው ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ድልድይና ታላመስ ናቸው። ከላይ የሚወርዱት የትእዛዝ ገመዶች ተጨናንቀው የሚያልፉበት ኢንተርናል ካፕሱል አይታይም። የደም ግፊት ላይ የቆየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመታው ደግሞ እዚያው፣ በቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች መዘጋት ነው። ጉዳቱ ከጥራጥሬ ባይበልጥም ፊት፣ እጅና እግር እኩል ይደክማሉ፤ ቃሉ ትክክል ሆኖ አነጋገሩ ይኮላተፋል። ይህን ለማስረዳት የሲቲ ስካኑን ፊልም ከሞዴሉ ጎን ያዙ። ፊልሙ ላይ የታካሚው ግራ የሚታየው በእናንተ ቀኝ በኩል መሆኑን አትርሱ፤ ተማሪዎችም ሳይቀሩ የሚያምታቱት እሱን ነው።

በቃል መጥፋትና በመኮላተፍ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ሞዴሉ ብቻ አይበቃም፤ ታካሚውን አናግሩ። «አበበ በሶ በላ» ከንፈርን ይፈትናል። ከንፈሩ የወረደበት ሰው ብ ላይ አየር ያመልጠዋል። «ጫላ ጩቤ ጨበጠ» ምላስን ይፈትናል። ቃላቱ በቅደም ተከተል ከወጡ፣ ድምፁ ብቻ ከተበላሸ፣ ችግሩ ከጡንቻው ማዘዣ ነው፤ ጽፎ ወይም መልእክት ተይቦ መግባባት ይችላል። «በላ» የሚለው ጠፍቶበት «አበበ... አበበ...» ካለ ችግሩ ከቋንቋው ነው፤ ጽሑፉም አብሮ ይጎዳልና ወረቀት መስጠት ብቻ መፍትሔ አይሆንም። የጀበና፣ የሲኒ፣ የአልጋ፣ የመድኃኒት ሥዕል ይሻላል። ሴሬብለም ሲመታ ደግሞ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ይወጣል። የቀኝ አንጎል ሲመታ ቃል ይኖራል፤ የንግግሩ ዜማ ግን ይጠፋል። ሰውየው በግራው በኩል ያለውንም ነገር ሊዘነጋ ስለሚችል በቀኙ ቁሙና አናግሩት።

ባለ ቀለሙን የማንመክረው ሎቡ በሙሉ ለአንድ ሥራ የተሰጠ ስለሚያስመስል ነው። ፍሮንታሉን በሙሉ ቀይ ያየ ቤተሰብ «ቀዩ ሞተ» ብሎ ይሄዳል፤ የሁለት ሳንቲ ሜትር ጉዳት የት ላይ እንዳረፈ ሁሉን እንደሚወስን አይገባውም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ፈታችሁ ግጠሙት። ሴሬብለሙን ወደ ታች ገልብጣችሁ ነቅንቁ፤ ከወደቀ ማግኔቱ ወይም ፒኑ ደካማ ነውና በሁለት ወር ውስጥ በላስቲክ ታስሩታላችሁ። አንጎል ግንዱ ላይ የነርቭ መውጫዎቹ መኖራቸውን እዩ፤ በርካሾቹ ላይ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ቁጥሮቹን የሚፈታው ወረቀት እንግሊዝኛና ላቲን ስለሆነ ወዲያው ፎቶ አንሡት፤ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡት፤ አሴቶን ቀለሙን ያነሣዋል። ተለጣፊዎቹን ለየታካሚው ስለምታዛውሯቸው ሙጫቸው ቀላል የሆነውን ምረጡ።