አዮንና ጌተር በአንድ ላይ፦ ቀዝቃዛ አቶሞች የመሰከሩለት የቫኪዩም ፓምፕ

አዮን ፓምፕ (ጋዝን በኤሌክትሪክ አዮን አድርጎ የሚያጠምድ) እና ጌተር (ጋዝን የሚውጥ ብረት) በአንድ አካል የተጣመሩበትን ይህን ፓምፕ የሩቢዲየም አቶሞችን በሌዘር የምናቀዘቅዝበት ቻምበር (አየሩ የተሳበበት ዕቃ) ላይ ከገጠምነው ግማሽ ዓመት አልፎታል። ሻጮች በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚስብ ይነግሩናል። እኔ የምመዝነው ግን አቶሞቹ በሌዘርና በማግኔት በተሠራው ወጥመድ ውስጥ በሚቆዩበት ጊዜ ነው።

የቀዘቀዘው አቶም ሙቀት ከፍጹም ዜሮ በላይ በማይክሮኬልቪን የሚቆጠር ነው። ቻምበሩ ውስጥ የቀረው ጋዝ ደግሞ የግድግዳውን 300 ኬልቪን ይዞ ይከንፋል፤ ሃይድሮጂን በሰከንድ ከ1.5 ኪሎሜትር በላይ ይጓዛል። አንዱ ሞለኪውል አቶሙን በደንብ ከገጨው አቶሙ ከወጥመዱ ወጣ ማለት ነው። 10⁻¹¹ ቶር (ቶር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ እንኳ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 300 ሺህ ያህል ሞለኪውሎች አሉ።

ፓምፑ ሃይድሮጂን ላይ በጣም ጎበዝ ነው። ይህ ጋዝ ከማይዝገው ብረት ውስጥ ያለማቋረጥ ስለሚወጣ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው፤ ጌተሩ አንዴ በሙቀት ከነቃ በኋላ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም መዋጡን አያቆምም። አርጎንና ሄሊየምን ግን ጌተሩ ጨርሶ አይነካቸውም፣ አዮን ፓምፑም ይቸገርባቸዋል። ቻምበራችሁ የመስታወት ከሆነ ሄሊየም ከአየር በመስታወቱ በኩል ሰርጎ እንደሚገባ አስቡበት።

ያልወደድኩት የግፊት ንባቡን ነው። መሣሪያው ግፊቱን የሚያሰላው ከአዮን ፓምፑ ኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ ግፊቱ በጣም ሲወርድ በኬብሉና በኤሌክትሪክ ማገጃው የሚያመልጠው ፍሰት እውነተኛውን ይሸፍነዋል። የኛ ንባብ ከታችኛው ቁጥር ላይ ተጣብቆ ሳለ የአቶሞቹ ቆይታ ገና እየረዘመ ነበር። ስለዚህ አቶሞቹን ጠይቁ። ሌዘሩን አጥፍታችሁ አብሩና የወጥመዱ ብርሃን በፎቶዳዮድ (ብርሃን መለኪያ) ላይ እንዴት እንደሚያድግ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ፈጥኖ ይወጣል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ለሩቢዲየም ማግኔቶ-ኦፕቲካል ወጥመድ (ሌዘርና ማግኔት አብረው አቶሞችን የሚይዙበት) 2×10⁻⁸ን በዚያ የማደጊያ ጊዜ በሰከንድ ብታካፍሉት ግፊቱን በቶር በግምት ታገኛላችሁ፦ 10 ሰከንድ ከሆነ 2×10⁻⁹ አካባቢ። የሩቢዲየሙ ትነት ራሱ ግጭት ስለሚጨምር ግን የሩቢዲየሙን መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ለኩ።

ይህን ቁጥር በማግኔት ብቻ ከሚሠራ ወጥመድ ቆይታ ጋር አታወዳድሩት። ማግኔቶ-ኦፕቲካሉ 1 ኬልቪን ያህል ጥልቀት (አቶም ለማምለጥ የሚያስፈልገው ጉልበት) ስላለው ጨረፍ አድርጎ ያለፈ ግጭት ያሞቀውን አቶም መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ጥልቀቱ ሚሊኬልቪን የሆነው የማግኔት ወጥመድ ግን ያንኑ አቶም ይጥለዋል፤ ሳይወጣ የቀረ ካለም ሙቀቱን ይዞ ሌሎቹን ያሞቃል። ኮንደንሴት (እጅግ ቀዝቅዘው እንደ አንድ የሚሆኑ አቶሞች) ለሚሠራ ሰው ይህ ማሞቅ ከመጥፋቱ ባልተናነሰ ይጎዳል።

የፓምፑ ማግኔት መስክም እስከ አቶሞቹ ይደርሳል፤ ራቅ አድርጋችሁ ካልገጠማችሁት ማካካሻ ጥቅል ሽቦ የግድ ነው። ያም ሆኖ ድጋሚ ብገዛ ይህንኑ እመርጣለሁ። ጌተሩን ስታነቁ ብዙ ጋዝ ይተፋልና ወደ ተርቦ ፓምፑ (ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣው ሌላ ፓምፕ) የሚወስደውን ቫልቭ ጌተሩ እስኪቀዘቅዝ አትዝጉት።