ያቺን «የቱርክ» ታጣፊ ስትሮለር ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ትናንት ማታ ልጄን አስተኝቼ ስልኬን ስነካካ ያው ፎቶ ድቅን አለ። ግራጫ ስትሮለር (የሕፃን ጋሪ)፣ ነጭ ግድግዳ፣ ከጎኑ የአበባ ማስቀመጫ። የቴሌግራም ቻናሉ ስም ተቀይሯል፤ ፎቶው ግን ያው ነው፣ ጽሁፉም ያው። «ውዶች፣ የቱርክ ኦሪጅናል፣ ከተወለደ ጀምሮ እስከ 3 ዓመት፣ ሙሉ አሉሚኒየም፣ 5.8 ኪሎ ብቻ፣ በአንድ እጅ የሚታጠፍ፣ ውስን ፍሬ ነው የቀረን።» እኔ በ9,500 ብር ነበር የገዛሁት። አሁን 11,800 ገብቷል። እንቅልፌ ጠፋና ተነስቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

የቻናሉን ስም አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም፤ ነገ ሌላ ስም ይወጣለታል። ስለ ዕቃው ግን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ልጁን አዝዬ ደረጃ መውጣት ከበደኝ፤ ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ 8 ኪሎ ገባ። እናቴ «ጋሪ ለፈረስ ነው፣ ልጅ ይታዘላል» ብላ እኔን ያሳደገችበትን አንቀልባ ከሳጥን አውጥታ አመጣችልኝ። እሷ ታዝለዋለች፣ እኔ ግን ወገቤ እምቢ አለ። የባለቤቴ እህት ትልቁን ጋሪዋን ልታውሰን ነበር። እሱን ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣት የማይታሰብ ነው። ታክሲም ላይ ቢሆን ወያላው የሁለት ሰው ሂሳብ ካልከፈልሽ ይላል። ስለዚህ የምፈልገው ትንሽ፣ ቀላል፣ እጥፍ የሚል፣ ኪስ የማይጎዳ ነበር። ማስታወቂያው ልክ እኔን አይቶ የተጻፈ ይመስል ነበር።

ሻጯን ኢንቦክስ አደረግኳት። «ሱቃችሁ የት ነው፣ መጥቼ ልየው» አልኳት። «መርካቶ ነው ውዴ፣ ግን አሁን ዕቃ እየቆጠርን ስለሆነ በዴሊቨሪ ብቻ ነው» አለች። ትንሽ ሳመነታ «ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ ቀድመሽ ብትልኪ ይያዝልሻል» አለችኝ። በቴሌብር ላክሁ። ስክሪንሾት ላኪ አለች፣ ላክሁ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መልሷ እንደ መብረቅ ነበር።

ማታ አንድ ልጅ በሞተር አመጣው። ካርቶኑ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሏል። «ቆይ ከፍቼ ልየው» ስለው «የኔ ሥራ ማድረስ ብቻ ነው እቴ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ስከፍተው ቀለሙ ያው ግራጫ ነው፤ ዕቃው ግን የፎቶው አይደለም። የፎቶው ጎማ ወፈር ያለ ነበር፣ የኔው የአሻንጉሊት መኪና ጎማ ይመስላል። ባለቤቴ ነገሩ አልጥም ብሎት ከፍሪጁ በር ላይ ማግኔት አንስቶ እግሩ ላይ አስጠጋው። ጥብቅ! አሉሚኒየም ማግኔት አይዝም። ቀለም የተቀባ ስስ የብረት ቱቦ ነው። በማግስቱ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዞ ለሚቀመጠው ልጅ አጥፌ ወሰድኩለት። «ጋሪውን ነው የምመዝነው?» ብሎ ሳቀብኝ። 8 ኪሎ ተኩል። እንግዲህ 8 ኪሎ ልጅ፣ 8 ኪሎ ተኩል ጋሪ፣ አራት ፎቅ ደረጃ። ደምሩት።

ያኔ ነበር ጮክ ብዬ መናገር የነበረብኝ። ግን እንደምታውቁት ነው፤ ብሩ ወጥቷል፣ ልጁም ሲቀመጥበት ደስ ብሎት ይስቃል። «ይሁን፣ ለሰፈር ይበቃል» አልኩ። ሦስት ሳምንት ተጠቀምኩበት።

በነዚህ ሦስት ሳምንታት ያየሁትን ልንገራችሁ። ቀበቶው ወገብ ላይ ብቻ ነው የሚታሰረው። ጥሩ ጋሪ አምስት ቦታ ላይ ይይዛል፤ ሁለት በትከሻ፣ ሁለት በወገብ፣ አንድ በእግሮቹ መሃል። በወገብ ብቻ የታሰረ ልጅ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ወደ ፊትም ይደፋል። መደገፊያው «ከተወለደ ጀምሮ» ቢባልም ለጥ አይልም፤ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ይህቺ ቀላል ነገር እንዳትመስላችሁ። አንገቱን ያልቻለ ጨቅላ ተቀምጦ እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፣ የመተንፈሻ ቱቦው ይጠባል። ድምጽ ስለማያወጣ ከኋላ ሆናችሁ የምትገፉት እናንተ አታዩትም። የኔ ልጅ ስድስት ወሩ ስለነበር ተረፍኩ እንጂ ለአራስ ልጅ ገዝታው ቢሆንስ አንዷ? ማስታወቂያው እኮ ለአራስም ይሆናል ነው የሚለው።

ዋናው ጉድ ግን ሎኩ ነው። ታጣፊ ጋሪ ተዘርግቶ እንዲቆም የሚያደርገው እሱ ነው። ጥሩዎቹ ሁለት አላቸው፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይይዛል። የኔው አንድ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር የፕላስቲክ መንጠቆ። በሁለተኛው ሳምንት ጠርዟ ነጣ ማለት ጀመረች። ፕላስቲክ አጥፋችሁ ልትሰብሩት ስትሉ መታጠፊያው ላይ ነጭ መስመር ይወጣው የለ? ልክ እንደዚያ። ቆሻሻ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። አለቀቀም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ወደ ብሎካችን በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማው በሁለት ድንጋይ መሃል ገባ። ትንንሽ ጎማ ያለው ጋሪ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀረቀራል፣ ልማዱ ነው። ሁላችንም እንደምናደርገው ፊቱን ላነሳ እጀታውን ወደ ታች ጫን አደረግኩት። «ቀጭ» የሚል ድምጽ ሰማሁ። እጀታው ከእጄ ወደ ፊት ሄደ፣ ሁለቱ ጎኖች ልጁን መሃል አድርገው መታጠፍ ጀመሩ። ክንዴን ሰደድኩና መሃል ላይ ያዝኩት። የብሎካችን ጥበቃ ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው ሮጠው መጡ፤ እሳቸው ጎትተው ከፈቱት፣ እኔ ልጁን አወጣሁት። ልጁ የጎኑን ቱቦ ይዞ ስለነበር የቀለበት ጣቱ መታጠፊያው ላይ ተይዟል። ጥፍሩ ጠቆረ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወለቀ። ሐኪሙ አጥንቱ ደህና ነው ሲለኝ ነው የተነፈስኩት። የኔ ክንድ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ።

ጣት በጋሪ መታጠፊያ መያዙ የኔ ልጅ ብቻ ላይ የደረሰ መስሎኝ ነበር። አይደለም ለካ። ማክላረን የሚባለውን የእንግሊዝ ጋሪ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቀላሉን ታጣፊ ጋሪ የፈለሰፈው ሰው ኦወን ማክላረን ስፒትፋየር የተባለውን የጦር አውሮፕላን ማረፊያ እግር የነደፈ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለልጅ ልጁ ብሎ ከአሉሚኒየም ሠራው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ጋሪ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የ12 ሕፃናት ጣት ጫፍ በመታጠፊያው መቆረጡ ተሰምቶ፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጋሪ ላይ የእርማት ጥሪ ተላለፈ፤ ማለትም የገዙት ሁሉ ጉድለቱን እንዲያስተካክሉ ተጠሩ። ኩባንያው መታጠፊያውን የሚሸፍን ጨርቅ በነጻ አደለ። እዚያ ጠሪ አለ፣ የሚጠየቅ አለ። የኔዋን ጋሪ ማን ይጥራት? ተለጣፊ ወረቀት የላትም። የሠራው ፋብሪካ ስም፣ የሞዴል ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን፣ ምንም። «የቱርክ» የሚለው ቃል ያለው ማስታወቂያው ላይ ብቻ ነው።

ለሻጯ የተሰበረውን መንጠቆና የልጁን ጣት ፎቶ ላክሁላት። ሁለት ቀን ቆይታ «ውዴ ችግሩ አጠቃቀም ላይ ነው፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለች። ስደውል አታነሳም። ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍላት ብሎክ አደረገችኝ።

ሕጉን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ልጨምር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት በየሱቁ ስለተለጠፈ ብቻ ሕግ መስሎን ኖረናል። እኔ ጋ ግን ሁለት ነገር ተበላሸ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ፣ ቀኑ አለፈ። ደረሰኝም የለኝ፣ የሱቅ አድራሻም የለኝ፤ ያለኝ የቴሌብር መልእክትና አንድ የተዘጋ ስልክ ነው። ማንን ልክሰስ?

ከታች ያለችው ጎረቤቴ ደግሞ ከሱቅ ነው የገዛችው፣ 14,000 ብር፣ በደረሰኝ። በአምስተኛው ቀን የኋላ ጎማው ወለቀ። ተሸክማ ተመለሰች፣ ተጨቃጨቀች፣ «ደረሰኙ ይኸው» አለች፣ ቀየሩላት። እኔ 4,500 ብር አተረፍኩ ብዬ ነበር እኮ!

ትንሽ ጋሪ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጓደኛዬ ለፋሲካ ስትመጣ ያመጣችው ሲታጠፍ የእጅ ሻንጣ ያክላል። ሁለት ዓመት ገፍታዋለች፣ ንቅንቅ አይልም። እሱም ቢሆን እጀታው ላይ የብርቱካን ፌስታል አንጠልጥላ ልጇን ስታነሳው ወደ ኋላ ተገለበጠ። ቀላል ጋሪ እጀታው ላይ ክብደት አይወድም፤ ዕቃ ከታች ቅርጫቱ ውስጥ ነው። ለፀሐይ ብላችሁም በነጠላ ወይም በብርድ ልብስ ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት፣ ውስጡ ይታፈናል፣ ይግላል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያገለገለ ጋሪ ሊልክላችሁ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩንና የተሠራበትን ቀን መጀመሪያ ያንብብላችሁ። አሜሪካ ከሆነ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ የእርማት ጥሪ ያለበት መሆኑን አሁኑኑ ማየት ይችላል። አውሮፓ ከሆነ ኢኤን 1888 የሚል ቁጥር ይፈልግ፤ የጋሪ ደህንነት ደረጃቸው ነው። ቁጥሩን ማተም ለማንም ቀላል ስለሆነ እሱን አይታችሁ ብቻ አትመኑ።

እኔ ዛሬ ብገዛ ዕቃው በእጄ ሳይገባ አንድ ብር አልልክም። ሱቅ ሄጄ 10 ኪሎ የጤፍ ዱቄት መቀመጫው ላይ አስቀምጥና ደፉ ላይ አስወጣዋለሁ፣ አስወርደዋለሁ፣ እጀታውን ደጋግሜ እጫነዋለሁ። ሻጩ ካኮረፈ ያኩርፍ። ሎኩን በጣቴ እነካዋለሁ፣ ከብረት ነው ወይስ ከፕላስቲክ፣ አንድ ነው ወይስ ሁለት። ፍሬኑን ይዤ ቁልቁለት ላይ እገፋዋለሁ። መታጠፊያው ላይ የሕፃን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ጥዬው እወጣለሁ። ማግኔቷንም ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ። የብረት ጋሪ በራሱ ክፉ ነው ብዬ አይደለም፤ «አሉሚኒየም ነው» ብሎ የዋሸኝ ሰው ሌላው ላይም እንደሚዋሸኝ ስለማውቅ ነው።

ሰፈራችን ያለው በያጅ «ቱቦው ስስ ነው፣ ብነካው ይበሳል፤ ፕላስቲኩንማ ምን አደርገዋለሁ» ብሎ መለሰልኝ። አንዲት ሴት በ3,000 ብር ልግዛሽ አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ አንድ ቀን አስቤበት ነበር። ከዚያ ቀበቶውን በመቀስ ቆረጥኩት፣ ማንም ልጅ እንዳያስቀምጥበት። አሁን በረንዳ ላይ እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች።

ጀሞ አካባቢ ካላችሁና ያቺን ባለ አበባ ማስቀመጫ ፎቶ አይታችሁ ልትከፍሉ ከሆነ ጻፉልኝ፣ መጥታችሁ የኔን እዩት። ማግኔቷም እዚያው እግሩ ላይ እንደተለጠፈች ናት።