የግቢ ባቡር ለደሴና ለኮምቦልቻ፦ በሀዲድ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ይሻላል ወይስ ባትሪ?

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዱ ደሴ ነው፣ አንዱ ኮምቦልቻ። ሁለቱም ግቢያቸው ውስጥ ትንሽ የመጫወቻ ባቡር መዘርጋት ፈልገዋል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም አላቸው፤ ምን እናስመጣ ነው የሚሉኝ። መልሴ ለሁለቱ አንድ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሀዲድ ደግሞ ውጭ ውሎ ውጭ የሚያድር ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ለሁለቱም የሚሆነውን ልናገር። ለግቢ የሚገዛው ጂ የሚባለው መጠን ነው፣ በሁለቱ ሀዲዶች መሃል 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። በፈረንጆቹ 1968 ኤልጂቢ በሚል ስም ጀርመን ውስጥ የወጣው ባቡር ነው ይህን መጠን ያስለመደው፤ ከመጀመሪያውም ውጭ እንዲሄድ ታስቦ ነው የተሠራው። እኔ በጣም የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ባቡሩ ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ 45ቱን በ22.5 ብታባዙት 1 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ከለገሃር በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ይወርድ የነበረው የድሮው ሀዲድ ስፋት ደግሞ 1 ሜትር ነበር። የኛው ባቡር በልኩ ግቢያችሁ ገባ ማለት ነው! በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዲሱ ባቡር ሀዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። እሱን መምሰል የሚፈልግ 32 ጊዜ ያነሰ ባቡር ይዘዝ፤ ሀዲዱ ያው 45 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምርጫ። በካርቶን ተሟልቶ የሚመጣው ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩን ከሀዲዱ ነው የሚወስደው። ጥሩ ጎኑ፣ አውጥታችሁ ገጣጥማችሁ ወዲያው ታስነዱታላችሁ፤ ባትሪ አለቀ የለም። ችግሩ ሀዲዱ ንጹሕ መሆን አለበት። ሀዲዱ ናስ ነው፣ ናስ ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይጠቁራል፣ የጠቆረው ላይ ኤሌክትሪክ በደንብ አያልፍም። ደሴ ሐምሌና ነሐሴን ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢው ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ልብስ እንኳ ሁለት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። እኔ በዚያ ሰሞን ጣቴን ሀዲዱ ላይ ሳስኬድ ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ባቡሩም ሁለት ክንድ ሄዶ ይንተባተብና ቀጥ ይላል። በአረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ፈትጉት፣ ይነሳል። በብረት ሽቦው ግን በጭራሽ እንዳትነኩት፤ ብጥስጣሹን የሞተሩ ማግኔት ስቦ ይውጠዋል፣ ሞተሩም በዚያው ይበላሻል።

በባትሪ ሲሆን ባትሪው ሞተሩ ባለበት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ወይም ከኋላ በሚጎተት ፉርጎ ውስጥ ይቀመጣል፣ መንጃው ሪሞት ነው። ሀዲዱ ጠቆረ አልጠቆረ ግድ የለውም። መብራት ቢጠፋም ቻርጅ እስካለው ድረስ ይሄዳል፣ ይሄ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ሀዲዱም ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ስለማይጠበቅበት ቀለል ያለውን አሉሚኒየም መግዛት ትችላላችሁ፤ ለስላሳ ነው፣ ሰው ሲረግጠው ይጎብጣል እንጂ። ጉዳቱ ተጨማሪ ዕቃ መግዛትና ሽቦ መበየድ አለ፣ ባትሪውም ዕድሜ አለው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ሙቀት ያሳጥረዋል። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ሊቲየም ባትሪን ውጭ ቻርጅ አታድርጉ፤ ቤት አስገብታችሁ ይሙቀው።

ስለዚህ የደሴው ሰው ባትሪ ይግዛ። በዚህ ላይ አልከራከርም። የኮምቦልቻው ከሀዲድ የሚወስደውን ቢገዛ አይጎዳም፣ ዝናቡ እንዳባራ ፀሐይ ትመጣለች፣ ሀዲዱ ቶሎ ይደርቃል። አቧራውን ግን በየሳምንቱ መጥረግ አለበት።

ኮምቦልቻ ሌላ ጣጣ አላት፦ ሙቀት። ታናሽ ወንድሜ በጥር፣ ገና በጠዋቱ ብርድ፣ ሀዲዱን አንዱን ካንዱ ጥርቅም አድርጎ ገጠመው። ግንቦት ላይ ስሄድ መስመሩ እንደ እባብ ተጣሞ አገኘሁት። 10 ሜትር ናስ የ30 ዲግሪ ልዩነት ሲያገኝ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ወደ 7። የትም መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይወጣል። በየመጋጠሚያው የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት ተዉ፣ በቃ። ጫፍና ጫፉንም በሚስማር አትቸንክሩት።

መሬቱ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ደሴ ግቢው ተዳፋት ነው፤ እኔ መጀመሪያ አፈሩ ላይ በቀጥታ ዘርግቼ አንድ የሐምሌ ዝናብ ሦስት ሜትሩን ከሥሩ ሸርሽሮ በአየር ላይ አንጠልጥሎ ተወልኝ። አሁን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሬ ከታች ተለቅ ያለውን 02 ጠጠር፣ ከላይ ደቃቁን 00 ጠጠር አድርጌ ጠቅጥቄዋለሁ፣ ከላይ በኩልም ውኃ መቀየሻ ቦይ አለው። አቀበቱ በሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ባቡሩ ያንሸራትታል። ኮምቦልቻ ግቢያችሁ ዋልካ አፈር ከሆነ ጠጠሩም አያድናችሁም፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሀዲዱ አብሮ ይነሳል ይወርዳል። ብሎኬት ደርድራችሁ ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉት። ዶሮዎችም አይጭሩትም።

ቦታ ጠባብ ነው ብላችሁ አትስጉ፣ አብሽሩ። ትንሹ ክብ 60 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ነው፣ በ12 ኩርባ ቁራጭ ይዘጋል፤ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ቦታ ይበቃዋል። ረዣዥም ፉርጎ ግን እዚያ ላይ አያምርም፣ ሲዞር ጎኑ ይወጣል።

ከውጭ በሚመጣው ዘመዳችሁ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ከተረፈ በብሎን የሚጠብቁ የሀዲድ ማያያዣዎች ይጨመሩበት። እኔ ደሴ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ አንዷ ሣር ውስጥ ከወደቀች መስመሩ እዚያው ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን መንገደኛ ይጠብቃል።