ከደሴ ወደ ለንደን ትኬት መቁረጥ፦ የአንድ የፒያሳ ቢሮ አገልግሎት

በዚህ ክረምት ለንደን የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ እናቴንና የ14 ዓመት ሴት ልጄን ይዤ ለመጓዝ ስነሳ፣ የደርሶ መልስ ትኬታችንን የቆረጥኩት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። ስለ ቢሮው ምስጋናም ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም። ይሁንና ከደሴም ከኮምቦልቻም ተነስቶ ውጭ አገር ያለ ልጁን ወይም ወንድሙን ለመጠየቅ ለዓመታት ገንዘብ የሚያጠራቅመው ቤተሰብ ብዙ ነውና፣ እኔ ሦስት ቀን ተመላልሼ የተረዳሁትን ሌላው ሰው ቀድሞ ቢያውቀው ገንዘቡን ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መልካሙ ልናገር። ቀደም ብዬ በስልክ የጠየቅኋቸው ሁለት ቢሮዎች የነገሩኝ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ነበር፤ በውስጡ ምን እንዳለ ስጠይቅም «ታክስን ጨምሮ ነው» ከማለት አላለፉም። እዚህኛው ቢሮ ያስተናገደችን ወጣት ግን ለእናቴ ወንበር ከሰጠች በኋላ የኮምፒውተሯን ገጽ ወደ እኛ አዙራ መሠረታዊውን የትኬት ዋጋ ለብቻው፣ ከሥሩ የተደረደሩትን ታክሶችና ክፍያዎች ደግሞ አንድ በአንድ አሳየችን፤ ያንኑም በወረቀት አትማ ሰጠችን። እናቴ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች «ይኼ ሁሉ የምንድን ነው ልጄ?» ስትላት፣ «ይኼኛው እማማ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሚወስደው ነው። ሲሄዱ አይደለም፣ ሲመለሱ ከለንደን ስለሚነሱ የሚከፈል ነው» ብላ በትዕግሥት አስረዳቻት። ይህን ያህል ጊዜ ወስዶ ለአንዲት አዛውንት የሚያስረዳ ሠራተኛ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ የቢሮውን ትልቁን ነጥብ የምሰጠውም በዚህ ነው።

በወረቀቱ ላይ «ጂቢ» በሚሉ ሁለት ፊደላት የተጻፈው ይህ የአየር መንገደኞች ቀረጥ ከእንግሊዝ ኤርፖርት በሚነሳ መንገደኛ ላይ የሚጣል ሲሆን፣ መጠኑም ከለንደን እስከ መዳረሻው አገር ዋና ከተማ ባለው ርቀት ይወሰናል። አዲስ አበባ ከ2,001 እስከ 5,500 ማይል በሚለው እርከን ውስጥ ስለምትወድቅ፣ የመጨረሻ መውረጃችን ኮምቦልቻ መሆኑ ምንም ለውጥ አያመጣም። ቀረጡ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር ለአውሮፓ 5፣ ለሌላው ዓለም 10 ፓውንድ ነበር። በእኛ እርከን ለዝቅተኛው የመቀመጫ ክፍል በ2023 87 ፓውንድ የነበረው በ2024 88፣ በ2025 90 ከሆነ በኋላ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2026፣ ማለትም ከመጋቢት 23 ቀን 2018 ጀምሮ 102 ፓውንድ ገብቷል። ጎረቤቴ «ትኬቱን ቀደም ብለህ ብትቆርጥ ኖሮ በአሮጌው ታክስ ታመልጥ ነበር» ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ቀረጡ የሚታሰበው ትኬቱ በተገዛበት ሳይሆን አውሮፕላኑ በሚነሳበት ቀን ስለሆነ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ጉዞ ከመጋቢት በፊት የቆረጠ ሰውም ከአዲሱ መጠን አያመልጥም። ወጣቷ ይህንንም በትክክል ነግራናለች።

ለእኛ ለደሴ ሰዎች ግን የጭማሪው ክብደት በፓውንዱ ብቻ አይለካም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት በቀረጡ ላይ አንድ ሳንቲም ባይጨምር እንኳ በብር ለሚከፍል ሰው ዕዳው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ አሁን ደግሞ በዚያ ላይ 12 ፓውንድ ተጨመረበት። እህቴ ለንደን ሆና ጭማሪውን እንደ አንድ ምሳ ዋጋ ልትቆጥረው ትችላለች፤ እዚህ ግን በስጦታና በስንቅ ላይ የሚወጣውን ገንዘብ ይነካል። እናቴ ለልጇ ይዛ ልትሄድ ካሰበችው በርበሬና ሽሮ ላይ ሳይቀር መቀነስ እንዳለባት ስታሰላ ማየት ልቤን ነክቶታል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። በመጀመሪያ በተሰጠን ወረቀት ላይ 102 ፓውንዱ በሦስታችንም ስም ተደርጎ በድምሩ 306 ፓውንድ ተጽፎ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2016 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በዝቅተኛው የመቀመጫ ክፍል እስከተጓዙ ድረስ ከዚህ ቀረጥ ነፃ ናቸው። ችግሩ አየር መንገዶች 12 ዓመት የሞላውን ልጅ እንደ አዋቂ ስለሚያስከፍሉ፣ የትውልድ ቀኑ በትክክል ካልገባ ቀረጡም አብሮ ሊታሰብ መቻሉ ነው። ይህን ባነሳሁ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ «ሲስተሙ ያወጣው ነው» የሚል ነበር። ያንን መልስ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ በማግሥቱ የልጄን ፓስፖርት ይዤ ስመጣ ሌላ ልምድ ያለው ሠራተኛ የትውልድ ቀኗን አስገብቶ ዋጋውን እንደገና ሲያወጣ መስመሩ ከስሟ ሥር ጠፋ። ሠራተኛው ይቅርታ ጠይቆናል፣ እኔም ተቀብያለሁ። ቢሆንም የታተመ ዝርዝር ባይሰጠን ኖሮ ስህተቱን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ ቢሮው በአንድ እጁ የደበቀውን በሌላው እጁ የገለጠልን ያህል ነው የሚሰማኝ።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ለመልሱ ጉዞ ሰፋ ያለ መቀመጫ እንድንይዝላት ሐሳብ ቀርቦልን ነበር። ሐሳቡ በቅንነት የቀረበ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከዝቅተኛው ክፍል ከፍ ባለ ቁጥር ቀረጡም ከ102 ወደ 244 ፓውንድ እንደሚዘል የተነገረን እኛ ስንጠይቅ ነው፤ ልጄንም አብረን ወደ ከፍተኛው ክፍል ብናዛውራት ኖሮ ከቀረጡ ነፃ መሆኗ ይቀር ነበር። እናቴ ይህን እንደሰማች «መተላለፊያው ጠርዝ ላይ አስቀምጡኝ፣ እየተነሳሁ እሄዳለሁ» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ሌላው ሊታረም የሚገባው ነገር ወጣቷ «ዋይ ኪው» የሚለውንም መስመር ታክስ ብላ መጥራቷ ነው። ይህ አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረው ክፍያ እንጂ ለየትኛውም መንግሥት የሚገባ አይደለም። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መንገደኛው ሳይጓዝ ቢቀር የእንግሊዙ ቀረጥ ስለማይከፈል ተመላሽ እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል፣ ምንም እንኳ ብዙ አየር መንገዶች ለማስፈጸሚያ ጥቂት ቢቀንሱም። አየር መንገዱ የሚጨምረው ክፍያ ግን የሚመለሰው የትኬቱ ውል ከፈቀደ ብቻ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ይዞ የሚጓዝ ሁሉ ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለውን በረራ ከዋናው ጋር በአንድ ትኬት ማያያዛቸው ግን ትክክል ነበር። በክረምት ጉሙ ሲወርድ በረራ ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ይችላል፤ ለየብቻ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ በረራ ሲያመልጠን ኪሳራው የራሳችን ይሆን ነበር። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ በመኪና መሄድ ይረክሳል፤ ለእናቴ ጉልበት ግን አላሰብኩትም።

የቢሮው የራሱ የአገልግሎት ክፍያ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አለመኖሩና በደረሰኙ ላይ ብቻ መታየቱ ቅር አሰኝቶኛል። መጠኑ ብዙ ባይሆንም፣ የሌላ አገር መንግሥት ቀረጥ በግልጽ የሚያሳይ ቢሮ የራሱን ክፍያ ከሁሉ በፊት ማሳየት ነበረበት።

እንዲህም ሆኖ ነገ ትኬት የምቆርጥ ከሆነ ወደዚሁ ቢሮ እመለሳለሁ፤ የምሄደውም የሁሉንም ተጓዥ ፓስፖርት ይዤ ነው። ጀርመን በሜይ 2024፣ ፈረንሳይ በማርች 2025 የትኬት ታክሳቸውን ከፍ አድርገዋል፤ ስዊድን በአንጻሩ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የራሷን አስቀርታለች። ስለዚህ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ባለፈው ዓመት የሰማውን ዋጋ ትቶ በስም በስም የተዘረዘረ ወረቀት ይጠይቅ። እኛ የተስተካከለውን ወረቀት የተቀበልነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጂቢ የሚለው መስመር ላይ 204 ፓውንድ ይላል፣ እናቴም ከፓስፖርቷ ጋር አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች።