ጅቡቲ፣ ሞምባሳ ወይስ ዛንዚባር? ከወሎ ተነስቶ ባሕር ለማየት ላሰበ

ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ያሰበ የወሎ ሙስሊም ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ስለ ሥጋው ነው። ማን አረደው? እዚህ በማወዳድራቸው ሦስት ቦታዎች፣ በጅቡቲ፣ በኬንያዋ ሞምባሳና በታንዛኒያዋ ዛንዚባር፣ ይህ ጥያቄ ያን ያህል አያስጨንቅም። የጅቡቲና የዛንዚባር ሕዝብ ከጥቂቱ በቀር ሙስሊም ነው። የሞምባሳ አሮጌው ከተማም የሙስሊም ሰፈር ነው። ምርጫውን የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፦ እረፍታችሁ በየትኛው ወር ይውላል? የምታድሩትስ የት ነው?

መጀመሪያ ወሩን እንይ

አብዛኛው ቤተሰብ የሚንቀሳቀሰው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለጅቡቲ አይሆኑም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኻምሲን የሚባለው አቧራ የተሸከመ ነፋስም አለ። በግንቦት በረሃማዋ የአፋር ከተማ ሚሌ ላይ ምሳ ለመብላት የወረደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የደሴ ብርድ ለለመደ ልጅ መዝናናት ሳይሆን ቅጣት ነው።

በእነዚያው ወራት ሞምባሳና ዛንዚባር ላይ አየሩ ከሌላው ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል። ዛንዚባር ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው። ሞምባሳ ላይ ግን ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ጀልባ ላይ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ይህን አስቡበት። በምትኩ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዓሣ ነባሪዎች ከደቡብ ዋልታ አካባቢ መጥተው በዚያ ዳርቻ ያልፋሉ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ሁለቱም ቦታ ከባድ ዝናብ ነው። የሆቴል ዋጋ ይወርዳል፤ እኔ ግን በርካሽ ከፍዬ መስኮት ሥር ተቀምጬ ዝናብ አላይም፣ ዝናብማ ቤታችንም አለ።

ጥር ላይ የምትገኘዋ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ግን የጅቡቲ ናት።

ጅቡቲ፦ መንገዷ ርካሽ፣ ውሎዋ ውድ

ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ጋላፊ ድንበር ይደረሳል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ከሦስቱ አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ለመሄድ የሚመቸው ይህ ብቻ ነው። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማና በድሬዳዋ ስለሚያልፍ ወሎን አይነካም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በመንገድ ያተረፋችሁትን ገንዘብ ግን ከተማዋ ትቀበላችኋለች። ጅቡቲ የምትበላውን በአብዛኛው ከውጭ ነው የምታስገባው። የሆቴሉን ዋጋ ያናሩት ደግሞ የወደብ ነጋዴዎችና የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓን የጦር ሰፈሮች ናቸው። እንደ ሞምባሳ ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ መካከለኛ ማደሪያ እንደ ልብ አታገኙም። ፍራንኩ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፣ አንዱ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ። ቢያንስ ሂሳቡ አያምታታም።

ይህን ሁሉ ከፍሎ መሄድ ያዋጣል ወይ? በኅዳርና በጥር መካከል ከሆነ፣ አዎ። በእነዚህ ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁ፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ከአርታ ዳርቻ በጀልባ ወጥቶ አጠገቡ መዋኘት ይቻላል። ስሙ ሻርክ ይባል እንጂ የሚበላው ደቃቅ የባሕር ፍጥረታትን ነው፤ ሰው አይነካም። ሞምባሳም ዛንዚባርም ይህን ያህል አስተማማኝ የዌል ሻርክ ወቅት የላቸውም። በዚያ ላይ የአሳል ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ሲሆን ከአፍሪካ ምድር ዝቅተኛው ቦታ ነው። ዳርቻው ነጭ ጨው፣ ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። አረንጓዴ ነገር የናፈቀው ሰው ደግሞ ወደ ጎዳ ተራሮች፣ ወደ ዴይ ደን ይወጣል።

ለመዋኘት ከተማው ውስጥ አትቆዩ። ወጣ ብላችሁ ኾር አምባዶ ሂዱ፣ ወይም በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ተሻገሩ። የሥራ እረፍታቸው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ጸጥታ የፈለገ እሁድን ይምረጥ። ምሳ የየመን ዓሣ ይሁን። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ በሸክላ ምድጃ ይጠበስና ከትኩስ ቂጣ ጋር በእጅ ይበላል። ደግሞ አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ የሚሄደው ጫት እኩለ ቀን ገደማ ከተማ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ጭጭ ነው። በረካ ለሚያውቅ ወሎዬ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጀልባና አስጎብኚ ግን በጠዋት ያዙ።

ሞምባሳ፦ ልጆች ላሉት የእኔ ምርጫ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል። ከተማው ራሱ ደሴት ነው፤ ታዋቂዎቹ ዳርቻዎች ደግሞ ከደሴቱ ውጭ በሰሜንና በደቡብ ናቸው። የሐላሉም ነገር በዚሁ መስመር ይከፈላል።

ደሴቱ ላይ አሮጌው ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ መጠየቅም አያስፈልግም። መንድሪ መስጊድ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1570 ነው፤ ፖርቹጋሎች የኢየሱስ ምሽግን መሥራት ከመጀመራቸው ከ20 ዓመት በላይ በፊት። ፒላው፣ ቢሪያኒ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ፣ ለቁርስ ማሃምሪ የሚሉት የእኛን ፓስቲ የሚመስል ነገር፣ ሁሉም በየጥጉ ነው።

ባሕር ዳር ያለው ትልቅ ሆቴል ግን ሌላ ነው። ቡና ቤቱ የመዋኛ ገንዳው ላይ ነው። ከአውሮፓ ለመጣ እንግዳ ታስቦ በተዘረጋ ቡፌ ላይ የአሳማ ሥጋ ከሌላው ምግብ ጎን ሊቀርብ ይችላል። «ሐላል አለን» የሚለው መልስ አይበቃም። ወጥ ቤቱና መጥበሻው ለብቻ ነው ወይ? ሥጋውን የሚያቀርበው ማነው? ክፍል ውስጥ ያለው መጠጥ ቀድሞ ይወጣልን? እነዚህን ጠይቁ።

ለቤተሰብ የተሻለው መላ ዲያኒ ላይ ቤት መከራየት ነው። ዲያኒ ከደሴቱ በስተደቡብ ያለ ረጅም ነጭ አሸዋ ነው። እዚያ ወጥ ቤት ያለው፣ ብዙ ጊዜም ምግብ አብሳይ ያለው ቤት ይከራያል። ዓሣውን ጠዋት ከአጥማጆቹ፣ ሥጋውን ከኡኩንዳ የሙስሊም ሥጋ ቤት ትገዛላችሁ። ግቢው ውስጥ የታጠረ ገንዳ ካለ ሴቶቹ እንደልባቸው ይዋኛሉ። ለሦስት አራት ቤተሰብ ሲካፈል ከሆቴሉ ይረክሳል። ክፍት ዳርቻ ላይም ቢሆን የአካባቢው ሙስሊም ሴቶች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ውሃ ውስጥ ስለሚገቡ ዞሮ የሚያይ የለም።

ተፈጥሮውን በተመለከተ ለልጅ የሚቀርበው ሞምባሳ ነው። ዲያኒ ላይ የጉሬዛ ዝርያ የሆኑ ጦጣዎች መንገድ የሚሻገሩት ከዛፍ ዛፍ በተዘረጋላቸው የገመድ ድልድይ ነው። ሺምባ ሂልስ ጥብቅ ደን በዚያው አቅጣጫ ነው። በሰሜን ሃለር ፓርክ አለ። የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ሲፈልጥበት የኖረ ገደል ነበር፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዛፍ ተተክሎበት ዛሬ ቀጭኔና ጉማሬ ይታይበታል። ወሎ ውስጥ ድንጋይ ካወጣንበት ገደል ምን እንደምናደርግ ሳስብ እቀናለሁ።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ግን ለዋሲኒ ስጡት። ከሺሞኒ በጀልባ ወጥታችሁ በኪሲቴ የባሕር ፓርክ ዶልፊን ታያላችሁ፣ ኮራሉ ላይ ትዋኛላችሁ። ምሳ ዋሲኒ ደሴት ላይ ነው። መንደሩ የሙስሊም መንደር ነው፣ ለሶላትም አትቸገሩም። ለዚህ ባሕሩ የሚረጋው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ነው። የባሕር ጃርት እሾህ ስላለ በባዶ እግር አትግቡ።

ሻንጣ ውስጥ ፌስታል አታስገቡ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች።

ዛንዚባር፦ ለሁለት ሰው

ለአዲስ ተጋቢዎች ይህን እመርጣለሁ። አዛን ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ በእግር ይዞራል፣ በጆዛኒ ደን የዛንዚባር ብቻ የሆነ ቀይ ጉሬዛ አለ። በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ስለሚሸሽ በፈለጋችሁት ሰዓት አትዋኙም። ሰሜኑ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ለዋና ይመቻል፤ ግን ጭፈራውም መጠጡም የሚበዛው እዚያው ነው። ወጪው ላይ ቪዛና እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ግዴታ የሆነውን የ44 ዶላር ኢንሹራንስ ደምሩ።

ኦክቶፐስ፣ ባለ ስምንት ክንዱ የባሕር እንስሳ፣ እዚያ የዕለት ምግብ ነው። የዳርቻው ሕዝብ በብዛት ይህን የሚፈቅደው የሻፊዒ መዝሀብ ተከታይ ስለሆነ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። ወሎ ውስጥ ግን ሐነፊም አለ፣ በሐነፊ ደግሞ ከባሕር የሚበላው ዓሣ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሸሃችሁን ጠይቁ።

ክርስቲያን ጓደኛ አብሮ ከሄደ

ወሎ ነውና ይህ አይቀርም። ሠርግ ላይ ሁለት ዓይነት ድስት እንደምንጥድ ሁሉ፣ እዚህም ሥጋ የማይጋራን ሰው መርሳት ነውር ነው። ሞምባሳና ዛንዚባር ይሻላሉ። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል አደንጓሬ ከሩዝ ጋር በሁሉም ቦታ ስላለ ለጾምም ይሆናል። ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ንገሯቸው። ረመዳን ከሆነ ዛንዚባር ላይ ቀን ምግብ ቤት ማግኘት ይከብደዋል።

ወረቀትና ጤና

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ኬንያም ዛንዚባርም ይጠየቃል። የቪዛ ደንብ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የየአገሩን ኤምባሲ ጠይቁ። ወባ ሦስቱም ቦታ አለ። የደሴ ልጅ ደግሞ ወባን አይለምድም፤ ሐኪም ጠይቃችሁ መከላከያ መድኃኒቱን አስቀድማችሁ ጀምሩ፣ አጎበር መኖሩንም አረጋግጡ። ሆቴሉ ስለ ወጥ ቤቱ የሰጣችሁን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ስትደርሱ እንግዳ መቀበያው ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ሌላ ነው።