“ሙሉ ስብስብ” የተባለውን የዲ ኤንድ ዲ ካርድ ባትገዙት ይሻላል

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዲ ኤንድ ዲ) የሚባለውን የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የምትጫወቱ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር የካርድ ጥቅል አለ። “ሙሉ የመልክ መለወጫ አስማትና የአስማት ዕቃ ስብስብ፣ በ2024ቱ ሕግ የተዘጋጀ” ይላል። ዋጋው 45 ዶላር ነው፣ ክፍያ በዜል (የአሜሪካ ባንኮች ገንዘብ መላኪያ) ብቻ። አብሮን የሚጫወት ልጅ ገዝቶት ስለነበር ካርዶቹን አገላብጬ አየኋቸው። ወረቀቱ ያምራል፣ ሥዕሉም አይከፋም። ጽሑፉ ግን ማንም በነጻ የሚያወርደው ነው።

የጨዋታው ባለቤት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ኤስአርዲ 5.1 የተባለውን የሕግ ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቆታል። ሌላውን ወደ እንስሳ የሚቀይረው አስማት ፖሊሞርፍ አለበት፣ ድሩይድ የተባለው የተፈጥሮ አስማተኛ ገጸ ባሕርይ ራሱን ወደ እንስሳ የሚቀይርበት ዋይልድ ሼፕ አለበት፣ የአስማት ዕቃውም ብዙ ነው። ከዚያ ወስዶ አትሞ መሸጥ ይቻላል፣ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። እነዚህ ካርዶች ላይ ስለ ምንጭ አንዲት መስመር የለችም።

“ሙሉ” የሚለውም ውሸት ነው። ነጻው ሰነድ የሚሸጠው የጨዋታው መጽሐፍ ከፊል ብቻ ነው፣ የጨዋታው ታዋቂ ጠንቋዮች ስምም ከአስማቶቹ ላይ ተሰርዟል። በመጽሐፉ የቢግቢ እጅ የሚባለው አስማት እዚያ “አርኬን ሃንድ” ብቻ ነው። ካርዱም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። ከየት እንደተገለበጠ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

እኔን ያናደደኝ ግን ዋናው ነገር ነው፦ ሕጉ የድሮው፣ የእ.ኤ.አ. 2014ቱ ነው! በድሮው ፖሊሞርፍ ወደ ቲራኖሶረስ ሬክስ የተቀየረ ሰው የእንስሳውን 136 ሂት ፖይንት (ሳይወድቅ የሚችለው የጉዳት መጠን) ይወስዳል። በ2024ቱ የራሱ ሂት ፖይንት እንዳለ ሆኖ 136ቱ በጊዜያዊነት ይጨመርለታል፣ እሱ ሲያልቅ አስማቱም ያበቃል። ዋይልድ ሼፕ ላይ ልዩነቱ የባሰ ነው። 2ኛ ደረጃ ላይ ያለ ድሩይድ ተኩላ ሲሆን በድሮው 11 ሂት ፖይንት ነበረው። በአዲሱ የራሱን ይዞ የሚጨመርለት 2 ጊዜያዊ ብቻ ነው። የድሮውን ካርድ ይዞ አዲሱን ሕግ የሚጫወት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ጨዋታውን ከሚመራው ዳንጀን ማስተር ጋር ሲጨቃጨቅ ያመሻል።

ሻጩ ከራሱ የጨመረውም አለ። የመከላከያ ቀለበቱ ካርድ ላይ “ከአካልህ ጋር ቢዋሃድም መሥራቱን አያቆምም” ብሎ ጽፏል። በየትኛውም ሕግ እንዲህ የሚል የለም። ድሩይድ ሲቀየር ዕቃው መሬት ይውደቅ፣ ይዋሃድ ወይስ ይለበስ የሚለውን ራሱ ይመርጣል። ከተዋሃደ አይሠራም፣ አለቀ። ዳንጀን ማስተሩ በራሱ ጠረጴዛ ቢፈቅድ መብቱ ነው፣ ግን ያንን እንደ ሕግ አትሞ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ልጁ ገንዘቡን እንዲመልስለት ሲጠይቅ ሻጩ ብሎክ አደረገው። በዜል ፈቅዳችሁ የላካችሁት ብር እንደ ክሬዲት ካርድ በቀላሉ አይመለስም፣ ባንኩም “አንተ ነህ የላክኸው” ነው የሚለው።

የግድ ካርድ ካማራችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የፖሊሞርፍ ካርዱን ፎቶ ላክ በሉት። “ጊዜያዊ ሂት ፖይንት” የሚል ከሌለበት የድሮው ነው። የአዲሱ ሕግ ነጻ ሰነድ፣ ኤስአርዲ 5.2፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ወጥቷል። አውርዳችሁ የምትፈልጉትን ገጽ ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ በወፍራም ወረቀት አሳትሙት።